ሱሉልታ ላይ ቤት ማሞቅና ማቀዝቀዝ፦ ከማሽኑ በፊት ጣሪያው

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ቤት የሠራ ሰው ጥቅምት ሲገባ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «የትኛው ሂተር ይሻላል?» ሱሉልታ ከገባን ወዲህ ይህን ከጎረቤትም፣ ከሥራ ባልደረባም፣ ከዘመድም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ኮርኒሳችሁ ላይ ምን ተነጥፏል? ብዙዎቹ «ምንም» ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ የትኛውም ሂተር ቢገዛ ሙቀቱ በጣሪያ በኩል ይወጣል፤ ሂሳቡ ግን በቆጣሪው ላይ ይቀራል።

ይህን የምጽፈው ቤት ሊሠሩ ያሰቡም፣ በተሠራ ቤት ውስጥ በብርድ የሚንገላቱም ሰዎች ገንዘባቸውን በትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲያወጡ ስለምፈልግ ነው። እኛ አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና ቁርጥማት የሚያስቸግራቸው አማቴ። ቤታችን ተራ የብሎኬት ቪላ ነው። ጣሪያው ኢጋ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ችፑድ፣ መስኮቱ አልሙኒየም፣ ወለሉ ሴራሚክ። በከተማው ዙሪያ የሚሠራው ቤት አብዛኛው ይህን ስለሚመስል እኛ ዘንድ የሠራው ለሌላውም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ብርዱን ማወቅ ያስፈልጋል። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ናት፤ ከፍታዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በሌላው ጫፍ ያሉት አቃቂና ገላን ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላሉ። በየ100 ሜትሩ ከፍታ አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ ሁለታችንም «አዲስ አበባ ዙሪያ» ብንባልም የምንኖረው በአንድ አየር ውስጥ አይደለም። አቃቂ ላለ ሰው የተመከረው ለሱሉልታ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ተቃራኒውም እንዲሁ።

ሌላው ነገር ወራቱ ነው። ሰው ብርድን ከክረምት ጋር ያያይዘዋል። እውነት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ቀኑን ሙሉ ያንዘፈዝፋሉ፤ ሌሊቱ ግን አጥንት የሚሰብረው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው በከንቱ አይደለም። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ ሲገፈፍ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ማታ ማታ ወደ ጠራው ሰማይ ይሄዳል። እኛ ሰፈር ሣሩ ላይ አመዳይ የሚታየው በእነዚህ ወራት ነው። ግን በእነዚሁ ወራት ቀኑ ብሩህ ነው፤ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ አትጠፋም። እንግዲህ የእኛ አገር ብርድ ከአውሮፓ ብርድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ የሚሆንበት ወቅት ፀሐይ በብዛት የምትገኝበት ወቅት ነው። ቀን የገባውን ሙቀት እስከ ንጋት መያዝ የቻለ ቤት ማሞቂያ የሚያስፈልገው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

ቤታችን ግን አይዝም ነበር። በኅዳር አንድ ማለዳ ከአናጺው ጋር ኮርኒሱ ላይ በባትሪ ወጣን። ከቆርቆሮው ሆድ ላይ ጠብታዎች በረድፍ ተንጠልጥለዋል፤ ጣት ሲነካቸው ይወርዳሉ። ሞራሌዎቹ ላይ የውሃው መንገድ ጠቁሮ ይታያል፤ ችፑዱ ላይ ደግሞ ከታች ሆነን የዝናብ ፍሳሽ ነው ብለን የምናስበው ቢጫ ክብ ክብ ነገር አለ። «ጋሼ፣ ይሄ ቆርቆሮ አልተበሳም፤ ላብ ነው» አለኝ አናጺው። ልክ ነበር። ቆርቆሮ በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር እንኳን በታች ይቀዘቅዛል። ከማድ ቤት፣ ከሻወር፣ ከትንፋሻችን የሚወጣው እንፋሎት በኮርኒሱ ቀዳዳዎች ሽቅብ ወጥቶ እሱ ላይ ውሃ ይሆናል። ጣሪያችሁ በበጋ ሌሊት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ቆርቆሮ ከመቀየራችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ።

ሒሳቡን እንደሚከተለው አስቡት። ስስ የችፑድ ኮርኒስና ከበላዩ ቆርቆሮ ያለው ጣሪያ፣ በውስጥና በውጭ መካከል በየ1 ዲግሪው ልዩነት ከአንድ ካሬ ሜትር ወደ 2.5 ዋት ገደማ ያስወጣል። ቤቱ 80 ካሬ ቢሆንና ልዩነቱ 10 ዲግሪ ቢሆን በጣሪያ ብቻ የሚሄደው 2,000 ዋት ነው፤ የአንድ ትልቅ ሂተር ሙሉ ጉልበት ማለት ነው። ኮርኒሱ ላይ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ነጭ ፎም (ቴሌቪዥን ተጠቅልሎ የሚመጣበት ዓይነት፣ ጠበቅ ያለው) ሲነጠፍ ያው ጣሪያ የሚያስወጣው ወደ 500 ዋት ይወርዳል። ሌሊቱን ሙሉ፣ በየሌሊቱ፣ ያለ ቆጣሪ 1,500 ዋት ማትረፍ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትርፍ የሚሰጥ ማሽን ገበያ ላይ የለም።

የአነጣጠፉ ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙ ቤት ሲሠራ ያየሁት ሰሌዳውን እንዲሁ ወርወር አድርጎ መውረድ ነው። ፎሙ ከችፑዱ ጋር ተጠግቶ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተገጥሞ መተኛት አለበት፤ በመካከል ሁለት ጣት ክፍተት ከተተወ ሙቀቱ መንገዱን ያገኛል። እኛ መጋጠሚያዎቹን በሰፊ ፕላስተር አሽገናቸዋል። ከፎሙ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ መታፈን የለበትም፤ በክፈፉ በኩል አየር እየገባ እንዲወጣ ይተው፣ ያለበለዚያ እርጥበቱ እዚያው ይቀራል። አየር ማስገቢያውን ጥቅጥቅ ባለ ወንፊት ሸፍኑት፤ አይጥ ፎም ውስጥ ጎጆ መሥራት ትወዳለች።

ስለ ኤሌክትሪክ ገመዱ ለብቻው ልናገር፤ ማንም ሲናገረው አልሰማሁምና። ነጭ ፎም ከፕላስቲክ የሽቦ ሽፋን ጋር ለዓመታት ከተነካካ ሽፋኑን የሚያለሰልሰውን ነገር ይመጠዋል፤ ሽቦው ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ፎም ደግሞ እሳት ይይዛል። ስለዚህ ኮርኒስ ላይ የሚያልፈው ሽቦ በሙሉ በኮንዲዩት (በሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) ውስጥ መግባት አለበት፤ የሚሞቅ ስፖት መብራት ባለበት ቦታም ፎሙ ዙሪያውን ተቆርጦ ራቅ ማለት አለበት። አቅሙ ያለው ሰው በፎም ፋንታ እሳት የማይይዘውን የፋይበር ግላስ ወይም የድንጋይ ሱፍ ቢያነጥፍ የተሻለ ነው። ውፍረቱ እኩል ከሆነ ሙቀት በመያዝ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው።

ቀጥሎ ቀዳዳ ነው። እዚህ ላይ የሠራው ዘዴ የአማቴ ነው። ቡና ተፈልቶ ዕጣን ሲጨስ ጭሱ ቀጥ ብሎ መውጣት ሲገባው ወደ ሳሎኑ በር ሲሳብ አዩና «እዩት፣ ብርዱ በዚያ ነው የሚገባው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማታ ነፋስ ሲኖር የዕጣን ማጨሻውን ይዘን በየመስኮቱ ጠርዝ፣ በየበሩ ሥር፣ በየሶኬቱ ዞርን። ጭሱ የተንቀጠቀጠበትን ሁሉ በእርሳስ ምልክት አደረግን። ትልቁ ቀዳዳ ይሆናል ብለን ባላሰብነው ቦታ ተገኘ፤ የአልሙኒየም ፍሬሙና ልስኑ በሚገናኙበት መስመር። ከሩቅ የተገጠመ ይመስላል፤ ጭሱ ግን እየተጠማዘዘ ያልፍበታል። እሱን በሲሊኮን ዘጋነው፤ በሩ ሥር የጎማ መከለያ አስገጠምን። ጠቅላላ ወጪው ከአንድ መካከለኛ ሂተር ዋጋ ያነሰ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤት ጥብቅ ባደረጋችሁ ቁጥር ከሰል ይበልጥ ገዳይ ይሆናል። ማንደጃውን በር ላይ አጋይቶ፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት ልማድ ሆኖብናል። ጭስ የለውም ማለት ግን ጋዝ የለውም ማለት አይደለም። የጋመ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይይዘዋል። «ከሰል አፍኗቸው» የሚባለውን ዜና በየዓመቱ የምንሰማው ለዚህ ነው። እኛ ከፍታ ላይ ነን፤ አየሩ ቀድሞውኑ ሳስ ያለ ነው። ከሰል ለቡና ሲሆን መስኮት ይከፈት፤ ለማሞቂያ ግን፣ በተለይ ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ ፈጽሞ አይግባ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም አንድ ላይ ከመጡባችሁ ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ። በቤታችን ይህ ሕግ ነው፤ እንግዳም ቢመጣ አይሻርም።

የግድግዳ ምድጃ ስላላቸው ቪላዎች አጭር ነገር ልበል። የባህር ዛፍ እሳት ፊት መቀመጥ ደስ ይላል፤ ሆኖም ክፍት ምድጃ የእንጨቱን ሙቀት አብዛኛውን በጭስ ማውጫው ይልከዋል። የሞቀውን የክፍል አየርም አብሮ ይስባል። የተሠራ ካለ ተደሰቱበት፤ እሳት በሌለ ጊዜ ግን ጭስ ማውጫው የሚዘጋ ክዳን ይኑረው። አዲስ ለሚሠራ ቤት ግን አልመክርም።

አሁን ቤት ገና የምትሠሩት ስሙኝ፤ እናንተ እኛ ያላገኘነው ዕድል አላችሁ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ወደ ሰሜን ዞራ አናት ላይ ልትደርስ ትቃረባለች። ይህ ማለት ደቡብ የሚያይ መስኮት ፀሐይ የሚያገኘው በትክክል ሌሊቱ በሚበርድበት ወቅት ነው፤ በሌላው ጊዜ ፀሐይዋ ራሷ ትለቀዋለች። ሳሎንና የአረጋውያንን ክፍል በደቡብ በኩል፣ ማድ ቤት፣ ዕቃ ቤትና መታጠቢያ በሰሜን በኩል ማድረግ ምንም ተጨማሪ ብር አያስወጣም። የሚጠይቀው ፕላኑ ሳይጸድቅ ከአርክቴክቱ ጋር መነጋገር ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቤቱ የሚዞረው ወደ መንገዱ ነው፤ ፀሐይን የሚጠይቅ የለም።

የደቡቡ ክፈፍ ርዝመትም ይታሰብበት። 1 ሜትር የወጣ ክፈፍ ወይም ሰፊ በረንዳ በታኅሣሥ ቀትር ከሥሩ ያለውን ግድግዳ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ያጠላዋል፤ መስኮቱ በሙሉ ማለት ይቻላል ጥላ ውስጥ ይሆናል። ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር ለዝናቡም ይበቃል፣ ለፀሐይዋም መንገድ ይተዋል። በረንዳ የምትወዱ ከሆነ በምዕራብ በኩል አድርጉት፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ከደቡብ ምሥራቅ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ ስለምትገባ ወለሉን ጥልቅ ድረስ ታገኘዋለች። ሊሾ ወይም ሴራሚክ ወለል ያንን ሙቀት ተቀብሎ ማታ ይመልሳል፤ ስለዚህ ፀሐይ የሚያርፍበትን ወለል በምንጣፍ አትሸፍኑት፤ ምንጣፉን ፀሐይ ለማይደርስበት ጥግ አድርጉት።

እኛ ቤቱን ማዞር ስለማንችል የአማቴን መኝታ ቀየርን። በሰሜን በኩል ከነበረው ክፍል ወደ ደቡብ ምሥራቁ አመጣናቸው፤ ልጆቹ ወደ ሰሜኑ ሄዱ። ወፍራም መጋረጃ ፀሐይ ወደ ክፍሉ ስትገባ ይገለጣል፣ ከመጥለቋ በፊት ይዘጋል። ነጠላ መስታወት ሙቀት በማሳለፍ ከግድግዳው ይብሳል፤ ድርብ መስታወት በግማሽ ይቀንሰዋል፤ እሱ ላልተቻለው እስከ ወለል የሚወርድ መጋረጃ ቀላል መፍትሔ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ስለ ማሽን የምናወራው። ውጭው 5 ዲግሪ በሚሆንበት ማለዳ የአማቴ ክፍል ድሮ 12 እና 13 ዲግሪ ያሳይ የነበረው፣ ምንም ሳይሞቅ ከ16 በታች መውረድ ትቷል። የቀረውን ጥቂት ዲግሪ ለመሙላት የሚያስፈልገው ማሽን ትንሽ ነው።

ሱቅ ስትገቡ «ይሄኛው ኃይል ቆጣቢ ነው» እየተባለ የሚቀርብላችሁ ሂተር ብዙ ነው። ዘይት ያለበት፣ ነፊው፣ ቀይ የሚበራው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ከወለል ሥር የሚቀበረው ሁሉም የበሉትን ኤሌክትሪክ በሙሉ ወደ ሙቀት ይቀይራሉ፤ 1 ኪሎዋት ሰዓት ገብቶ 1 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይወጣል። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ልዩነታቸው ሙቀቱን የሚያደርሱበት መንገድ ነው። ቀይ የሚበራው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ወዲያው ያሞቃል፤ ለግማሽ ሰዓት ጥናት ወይም ልብስ ለመቀየር ጥሩ ነው። ዘይት ያለበት ቀስ ብሎ ሞቆ ቀስ ብሎ ይበርዳል፤ ለመኝታ ክፍል እሱ ይሻላል፣ ከተነካም እንደ ቀዩ አያቃጥልም። ለዋጋው ልዩነት ሳይሆን ለቴርሞስታቱ (ክፍሉ ሲሞቅ ለሚያጠፋው፣ ሲበርድ ለሚያበራው) እና ሲወድቅ ራሱን ለሚያጠፋበት ማጥፊያ ክፈሉ።

2,000 ዋት ሂተር በየማታው 4 ሰዓት ቢሠራ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ታሪፉ ብዙ ለተጠቀመ ከፍ እያለ የሚሄድ በመሆኑ፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ደረጃ በደረጃ እየጨመረ በመሆኑ፣ ያ ተጨማሪ ፍጆታ ቤቱን በሙሉ ወደ ላይኛው እርከን ይገፋዋል። ሌላው ደግሞ ሽቦው ነው። 2,000 ዋት በ220 ቮልት ከ9 አምፔር በላይ ይስባል። እሱን ከምጣድ ጋር በአንድ መስመር ላይ ማድረግ ወይም በቀጭን ዲቫይደር መሰካት አደጋ ነው። ለሂተር ሶኬት በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ በራሱ ብሬከር፣ ቀጥታ ከማከፋፈያው የመጣ መስመር አስዘርጉ። ሶኬቱን ከአንድ ሰዓት በኋላ በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከሞቀ ሂተሩን ንቀሉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ከሂተር የሚለየው ብቸኛው ነገር የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም ኢንቨርተር ኤሲ ነው። እሱ ሙቀት አይፈጥርም፤ ከውጭው አየር ውስጥ ያለውን ሙቀት እየሰበሰበ ወደ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ ለ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። ለአማቴ ክፍል 9,000 ቢቲዩ (የኤሲ ጉልበት የሚለካበት) የሆነ አስገባን። መጀመሪያ አልወደዱትም፤ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ብርድ አይደል እንዴ የሚያመጣው?» አሉኝ። ሞቅ ያለው አየር ጉልበታቸው ላይ ሲደርስ ዝም አሉ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ገፈፍ አደረጉ።

ኤሲ ስትገዙ በእኛ ከፍታ ሦስት ነገር አስቡ። በ2,500 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የውጭው ክፍል ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚያገኘው አየር ያንን ያህል ያንሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ስለዚህ «ለዚህ ካሬ ይህን ያህል ቢቲዩ» የሚለው የሻጭ ሰንጠረዥ ለቆላና ለማቀዝቀዣ የተሠራ መሆኑን አትርሱ፤ ውጭው 5 ዲግሪ ሲሆን በማሞቂያ በኩል ስንት ዋት እንደሚሰጥ ጠይቁ። ሁለተኛው ቮልቴጅ ነው። በከተማው ዳርቻ ማታ ሁሉም ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ መብራቱ ይደክማል። ዝቅ ያለ ቮልቴጅ የሚችል መሆኑን ስሙ ላይ ሳይሆን ከጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይ አንብቡ፤ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ደቂቃዎች አቆይቶ የሚያስነሳ ቮልቴጅ መጠበቂያም አብራችሁ ግዙ። ሦስተኛው የውጭው ክፍል አቀማመጥ ነው። ጀርባው ከግድግዳ ራቅ ይበል፣ ፊቱ አይዘጋ፤ የሚያንጠባጥበው ውሃ መሠረቱ ሥር እንዳይጠራቀም ቱቦ ይሠራለት።

ለሁሉም ክፍል ኤሲ ማስገባት አያስፈልግም፤ አቅሙ ቢኖርም። እኛ ለሌላው ክፍል ሰውየውን እንጂ ክፍሉን አናሞቅም። ከአንሶላ ሥር የሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ከ60 እስከ 100 ዋት ብቻ ይበላል። ከመተኛት በፊት ይለኮሳል፣ ሲተኛ ይጠፋል፣ ከላይ ቡሉኮ ይደረባል። ልጆቹ በዚህ ብቻ ጥቅምትንም ኅዳርንም በሰላም ያልፋሉ። ለሕፃንና ራሱን ችሎ ማጥፋት ለማይችል ሰው ግን አይሆንም።

ጣሪያው ከተሸፈነ በኋላ የመብራት ወጪያችንን ስመረምር ትልቁ በላተኛ የክፍል ማሞቂያ መሆኑ ቀርቷል፤ ቦይለሩ ነበር። 80 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 50 ዲግሪ ለማድረስ 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። በቀን አንድ ጊዜ ቢሞላ በወር 100 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለዚህ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ በበጋ ፀሐይ የሚለቀቅልን ያለ ክፍያ ነውና። እኛ የመስታወት ቱቦ ያለውን 150 ሊትር ሰቅለናል። ፊቱ ወደ ደቡብ ይሁን፤ ከ20 ዲግሪ ያልራቀ ዘንበል ካለ ለታኅሣሥ ፀሐይ ይመቻል። ክረምት ላይ ደመና ሲከብድ የሚረዳው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በውስጡ ይኑረው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣባቸው ሰፈሮች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ቱቦዎቹ ባዶ ሆነው ቀትር ላይ ከጋሉ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲገባባቸው መስታወቱ ሊፈነዳ ይችላል። ሮቶው ከሶላሩ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ውሃ አልቆ ከነበረ መልሳችሁ የምትሞሉት ማለዳ ፀሐይ ሳታርፍበት ወይም ማታ ይሁን።

ማቀዝቀዝን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ለእኛ ቀላሉ እሱ ስለሆነ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ቤቱን የሚያግለው በምዕራብ መስኮት የሚገባው ፀሐይ ነው። ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ክፈፍ አያግዳትም፤ በረንዳውን ወደ ምዕራብ አድርጉት ያልኩት ለዚህ ነው። ውስጥ ያለ መጋረጃ መስታወቱን ያለፈውን ሙቀት መልሶ አያስወጣም፤ ጥላው ከውጭ መሆን አለበት። እኛ የቀርከሃ ሰሌዳ ከመስኮቱ ውጭ ሰቅለናል፤ ብርድ ሲገባ ይጠቀለላል። የኮርኒሱ ፎምም እዚህ ሁለተኛ ሥራውን ይሠራል፤ ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላልና ያ ሁሉ ወደ ታች እንዳይወርድ ያግደዋል። አዲስ ቆርቆሮ የምትመርጡ ነጣ ያለውን ቀለም ውሰዱ።

አቃቂ የምትኖረው እህቴ ቤት ግን ሙቀቱ ከእኛ ይበረታል፤ እሷም ለሳሎኑ ኤሲ ልትገዛ አስባ ነበር። እዚያም ቢሆን ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ ከምሽት እስከ ማለዳ ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶችን፣ አንዱን ዝቅ ካለው አንዱን ከፍ ካለው ቦታ፣ ክፍት አድርጋ ታሳድራቸዋለች። ፍርግርግ ስላላቸው ለሌባ አያሰጉም፤ ለትንኙም ወንፊት አስገጥማለች። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ትዘጋቸዋለች፤ የቀዘቀዘው ግድግዳ እስከ ከሰዓት ድረስ ይይዝላታል። ከዚያ በኋላ ላለችው ሰዓት 60 ዋት የማይሞላ የጣሪያ ቬንትሌተር ይበቃታል፤ ለኤሲው ያስቀመጠችውንም ገንዘብ የምዕራቡን መስኮት በረንዳ ለማሠራት አውላዋለች።